ፎርሃንድ፦ ክርን ይዘርጋ ወይስ ይታጠፍ?

በሚያዝያ እና በግንቦት 2024 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስፔናዊው የቴኒስ ተጫዋች ካርሎስ አልካራዝ ከሞንቴ ካርሎ፣ ከባርሴሎና እና ከሮም ውድድሮች ቀረ። ያስቀረው የቀኝ ክንዱ ሕመም ነው። የተጎዳው ከክርን የውስጥ ጎን ተነስቶ ክንድን በሰያፍ እያቋረጠ የሚወርደው፣ መዳፍን ወደ መሬት የሚገለብጠው ጡንቻ ነበር። ወደ ሜዳ ሲመለስ ክንዱን በእጅጌ ሸፍኖ፣ ፎርሃንዱን (ራኬት በያዘው እጅ ወገን የመጣን ኳስ መዳፍ ወደ ፊት ሆኖ የሚመታበትን ምት) ባለው ጉልበት ሁሉ መምታት እንደሚያስፈራው ሳይደብቅ ገባ፤ በሰኔ መጀመሪያም የፈረንሳይ ኦፕንን ዋንጫ ወሰደ።

የአልካራዝ ፎርሃንድ አንድ መለያ አለው። ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ክርኑ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ሕመሙ በቴኒስ ወዳጆች ዘንድ የቆየ ክርክር ቆሰቆሰ፤ አንዱ ወገን «የጎዳው መዘርጋቱ ነው» ሲል ሌላው «ያ ሁሉ ኃይል የሚመጣው ከመዘርጋቱ ነው» ይላል። በስልክ የሚዘዋወሩት አጫጭር የሥልጠና ቪዲዮዎች ደግሞ ነገሩን አወሳስበውታል። አንዱ «የእጅ አንጓህን አወናጭፍ» ይላል፣ ሌላው «አንጓህን አጽና»፤ አንዱ «ክንድህን ዘርጋ»፣ ሌላው «ክርንህን ከጎንህ አታርቅ»። ጀማሪው የሰማውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሞክሮ የቱም አልሠራለት ሲል ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

አራቱም ምክሮች የሆነ እውነት አላቸው። የጎደላቸው፣ ክንድ በዚህ ምት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ከሌላው የሰውነት ክፍል ሥራ አለመለየታቸው ነው።

 በዕለት ተዕለት አማርኛ ክንድ የምንለው ሰፊ ስለሆነ፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን የላይኛው ክንድ፣ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለውን የታችኛው ክንድ እንበለው። የሚነገረው ሁሉ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ ገልብጦ ያንብበው።

ዓይን የማይደርስበት 5 ሚሊ ሰከንድ

ኳስ በራኬቱ ክር ላይ የሚቆየው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ነው። ተራ የስልክ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል። በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ አንደኛው ምስል ራኬቱን ከኳሱ ጀርባ ያሳያል፣ ቀጣዩ ደግሞ ኳሱን አልፎ ርቆ። በመጀመሪያው የእጅ አንጓው ወደ ኋላ ተጋድሟል፣ በሁለተኛው ወደ ፊት ታጥፏል። በመካከሉ የሆነውን ማንም አላየም፤ ተመልካቹ ክፍተቱን በግምት ሞልቶ «አየህ፣ አንጓውን አወናጨፈው» ይላል።

ያው ምት በሰከንድ 240 ምስል ሲቀረጽ (ዛሬ ብዙ ስልኮች ይችሉታል) በምስሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ይጠብና ሌላ ታሪክ ይወጣል። ኳሱ ክሩን በሚነካበት ጊዜ የታላላቆቹ ተጫዋቾች አንጓ አሁንም ወደ ኋላ እንደተጋደመ ነው። ወደ ፊት የሚታጠፈው ኳሱ ከሄደ በኋላ፣ ክንዱ ፍጥነቱን በሚያበርድበት ጊዜ ነው።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው «አንጓዬን እጠቀማለሁ» ሲሉ እየዋሹ አይደለም። የምቱ ስሜት ከእጅ ተነስቶ አእምሮ እስኪያውቀው ድረስ ኳሱ ከራኬቱ ሜትሮች ርቋል። የሚሰማቸው የምቱን ማግስት ነው።

ጅራፉና ጫፉ

የቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ የፎርሃንድን ዋና ሕግ ያውቀዋል። ጅራፉን በሰፊው ያዞራል፤ ከዚያ እጁን ድንገት ገትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ፍጥነቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተሻገረ ይሄድና ጫፉ ላይ ያሉት ጥቂት ክሮች አየሩን ይሰነጥቁታል። እጁን ሳይገታ ዝም ብሎ ቢገፋ ጅራፉ አይጮህም።

በሜዳ ቴኒስም እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፤ ዳሌው ሲቀዘቅዝ ደረት ይቀጥላል፤ ደረቱ ሲገታ የላይኛው ክንድ ይወረወራል፣ ከዚያ የታችኛው፣ በመጨረሻ ራኬቱ። ባለሙያዎች የኃይል ሰንሰለት የሚሉት ይህን ነው። ከቅደም ተከተሉ በተጨማሪ ሌላ የተደበቀ ጥቅም አለው። ዳሌ ቀድሞ ሲዞር ክንዱና ራኬቱ ለጥቂት ጊዜ ኋላ ይቀራሉ፤ ይህ መዘግየት የደረትንና የትከሻን ጡንቻዎች ይለጥጣል። ተለጥጦ ወዲያው የሚኮማተር ጡንቻ ከቆመበት ተነስቶ ከሚኮማተር ጡንቻ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ራኬቱን ወደ ኋላ ወስዶ፣ እዚያ አቁሞ፣ ኳሱን እየጠበቀ ከዚያ የሚመታ ተጫዋች ይህን የተጠራቀመ ኃይል ያባክነዋል። ቀድሞ መዘጋጀት ማለት ትከሻን ቀድሞ ማዞር ነው። ራኬቱን ከኋላ ሰቅሎ መቆም ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ አሰልጣኞች «ራኬትህን ቶሎ ወደ ኋላ ውሰድ» ሲሉ ሳያስቡት የሚያስተምሩት ግን ይህንን ነው።

ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሥራውን ካልሠራ ዕዳው ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ዳሌው ያልዞረ ሰው ትከሻውን ያበዛል፤ ትከሻው ያልዞረ ደግሞ አንጓውን። አንጓ የሰንሰለቱ መጨረሻ ስለሆነ ዕዳውን የሚያስተላልፍበት የለውም።

ክርክሩ የተወለደበት መሣሪያ

«አንጓህን አጽና፣ ጎንህን ለመረቡ ሰጥተህ ወደ ኳሱ ግባ፣ ራኬትህን ወደምትልክበት አቅጣጫ አስከትል» የሚለው ትምህርት የእንጨት ራኬት ዘመን ውርስ ነው። የእንጨቱ ራኬት ከባድ፣ ፊቱም ጠባብ ነበር፤ በሰያፍ ወደ ላይ የጠረገ ሰው ኳሱን በቀላሉ በጠርዙ ይመታው ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቀላልና ሰፊ የግራፋይት ራኬቶች ቦታውን ያዙ። ሁለተኛው ለውጥ ክሩ ነው። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩርተን በ1997 የፈረንሳይ ኦፕንን ሲያሸንፍ ራኬቱን የወጠረው በፖሊስተር ክር ነበር። ፖሊስተር ጠንካራና ሙልጭልጭ ነው፤ ራኬቱ ኳሱን ወደ ላይ ሲጠርግ ክሩ አብሮ ይንሸራተትና ተመልሶ ወደ ቦታው ሲወነጨፍ ኳሱን ያሽከረክረዋል።

ውጤቱ ቶፕስፒን ነው፤ ኳሱ ወደ ፊት እየተንከባለለ የሚበርበት ሽክርክሪት። አየሩ እንዲህ ያለውን ኳስ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ስለዚህ በኃይል ተመቶ፣ መረቡን ከፍ ብሎ አልፎ፣ ሜዳው ውስጥ ይወድቃል። የራፋኤል ናዳል ፎርሃንድ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ ይሽከረከር ነበር። ይህን ለማድረግ ክንዱ ወደ ፊት ብቻ መሄዱ አይበቃም፣ ወደ ላይም ይወጣል፣ በራሱ ዛቢያም ይዞራል። እንቅስቃሴው የመኪና መስታወት መጥረጊያን ስለሚመስል ስሙም ከዚያው ወጣለት። የድሮው ትምህርት ውድቅ አልሆነም፤ ዝቅ ብሎ ለሚመጣና ወደ መረብ ለሚያስጠጋ አጭር ኳስ ዛሬም ይሠራል። ለዛሬው ኳስ በሙሉ ግን አይበቃም።

ከክርኑ በፊት አያያዙ

የራኬት እጀታ ስምንት ገጽ አለው። ራኬቱን ፊቱ ለመሬት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይዘው ከላይ ያለውን ገጽ 1 ብለው በሰዓት አቅጣጫ ይቁጠሩ። የአመልካች ጣት ሥር መገጣጠሚያ 3ኛው ገጽ ላይ ሲያርፍ አያያዙ ኢስተርን ይባላል፤ 4ኛው ላይ ከፊል ዌስተርን፤ ከእጀታው ሥር ባለው 5ኛው ላይ ዌስተርን። ግራኝ ቆጠራውን ይገለብጣል።

አያያዙ ኳሱ የት ቦታ መመታት እንዳለበት ይወስናል። ኢስተርን በወገብ ከፍታ፣ ከፊት እግር ትንሽ ቀደም ብሎ ይመታል። ከፊል ዌስተርን ከወገብ እስከ ደረት፣ ከፊት ዳሌ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቀደም ብሎ። ዌስተርን ከዚያም ከፍና ቀደም ይላል። የዌስተርን ተጫዋች ሲዘገይ ራኬቱ ፊቱን ወደ ሰማይ ከፍቶ ይቀርና ኳሱ አጭር ወይም ረጅም ሆኖ ያመልጣል። የአሜሪካዊቷ ኮኮ ጎፍ ፎርሃንድ በተጋጣሚዎቿ ሲጠቃ የኖረው በዚህ በኩል ነው፤ አያያዟ ወደ ዌስተርን ያደላ ስለሆነ ፈጣንና ዝቅተኛ ኳስ ጊዜ ይነሳታል። በ2024 መጨረሻ ከአሰልጣኝ ማት ዴሊ ጋር መሥራት ስትጀምር የአያያዝ ጉዳይ አብሮ መነሳቱ በአጋጣሚ አልነበረም። በዚያው አያያዝ የ2023ን የአሜሪካ ኦፕን ማሸነፏም ግን መረሳት የለበትም። አያያዝ ዋጋው የሚከፈልበትን ቦታ ይቀይራል እንጂ ዋጋውን አያስቀርም።

ለአብዛኛው የክለብ ተጫዋች ከፊል ዌስተርን የመካከል መንገድ ነው። የእጀታው ውፍረትም ይለካ፤ ራኬቱን ጨብጠው በቀለበት ጣት ጫፍና በመዳፍ መካከል የሌላ እጅ አመልካች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ልክ ነው። በጣም ጠባቂው ጭብጥ 10 ቢባል የእርስዎ 3 ወይም 4 ይሁን። አጥብቆ የጨበጠ እጅ የታችኛውን ክንድ ጡንቻዎች በሙሉ ያደነድናል፤ የደነደነ ክንድ ኋላ ሊዘገይ አይችልም፣ ካልዘገየም የጅራፉ ሕግ አይሠራም።

የተዘረጋው ክርን ምን ያህል ያተርፋል?

እዚህ ላይ ከክርክሩ ይልቅ ስሌቱ ይጠቅማል። የላይኛው ክንድ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው እንውሰድ። ክንዱ ተዘርግቶ ከትከሻ እስከ አንጓ ያለው ርቀት 56 ሴንቲ ሜትር ነው። ክርኑ ታጥፎ 120 ዲግሪ ማዕዘን ቢሠራ (ሙሉ የተዘረጋው 180 ነው) ርቀቱ 48 ተኩል ገደማ ይሆናል። ከአንጓው እስከ ራኬቱ እምብርት 50 ሴንቲ ሜትር ብንጨምር 106 እና 98 ተኩል እናገኛለን። በእኩል የመዞር ፍጥነት የተዘረጋው ክንድ የራኬቱን ፍጥነት 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ከዛቢያው የራቀን ክብደት ማዞር በርቀቱ ስኩዌር ልክ ይከብዳል፤ ያው ራኬት ለትከሻው 16 በመቶ ያህል ይከብደዋል። ትርፉን የሚያገኘው ያን ክብደት በእኩል ፍጥነት ማዞር የሚችል ጠንካራ ገላ ያለው ነው። ሌላው ሰው ቀስ ብሎ ይዞርና ያተረፈውን ይመልሳል።

የክርኑ ቅርጽ የሚለውጠው ሌላም ነገር አለ፣ በክርክሩ ውስጥ ግን ብዙም አይነሳም። ከፎርሃንድ ፍጥነት ትልቁን ድርሻ ከሚሰጡት አንዱ የላይኛው ክንድ በራሱ ዛቢያ ላይ ወደ ውስጥ መዞሩ ነው። ይህን ለማየት ክርንን ከጎድን አስጠግቶ በ90 ዲግሪ ማጠፍና እጅን ከውጭ ወደ ሆድ ማምጣት ይበቃል፤ የታችኛው ክንድ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር ሰፊ ቅስት ይሠራል። አሁን ክርኑን ዘርግተው ያንኑ ያድርጉ። ክንዱ እንደ ዘንግ በቦታው ይሽከረከራል፣ የሚሄድበት ርቀት ግን የለም። ስለዚህ የተዘረጋ ክርን ያለው ተጫዋች ከዚህ ዙር የሚያገኘው ራኬቱ ከክንዱ ጋር በሚሠራው ማዕዘን ልክ ብቻ ነው፤ የቀረውን በደረት ጉተታና መዳፍን በሚገለብጡት የታችኛው ክንድ ጡንቻዎች ያካክሳል።

ታዲያ አልካራዝን የጎዳው ይህ ነው? ከአንድ ሰው ሕመም እንዲህ ያለ ድምዳሜ ማውጣት አይቻልም፤ የጨዋታው ብዛት፣ ኳሱ፣ ክሩ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሮጀር ፌዴረርም ክርኑን ዘርግቶ ይመታ ነበር፤ በ2022 ከቴኒስ ሲሰናበት ያቆመው ግን የጉልበት መገጣጠሚያው ጉዳት ነው። የዋንጫ ቆጠራም አያዋጣም። ፌዴረር 20፣ ናዳል 22 ታላላቅ ዋንጫዎችን በተዘረጋ ክንድ አነሱ፤ ኖቫክ ጆኮቪች ደግሞ ክርኑን አጥፎ 24።

ከቆጠራው ይልቅ የመምቻው ነጥብ ብዙ ይናገራል። የተዘረጋ ክንድ ኳሱን ይበልጥ ወደ ፊትና ከሰውነት ርቆ ማግኘት ይፈልጋል፤ ይህም ኳሱን ቀድሞ ማንበብንና ፈጣን እግርን ይጠይቃል። አልካራዝ ኳሱ ጋ ቀድሞ ስለሚደርስ ክርኑ ይዘረጋል። ዘግይቶ የደረሰ ተጫዋች ክርኑን በትእዛዝ ቢዘረጋው ኳሱን ከጎኑ ወይም ከኋላው ያገኘዋል፤ እዚያ ደግሞ የተዘረጋ ክንድ ምንም ጉልበት የለውም። የታጠፈው ክርን ግን 10 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳትም ይምራል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚጫወት ሰው ከ110 እስከ 140 ዲግሪ የታጠፈ፣ ከጎድኑ አንድ ስንዝር ያህል የራቀ ክርን ይሻላል። እግሩ ሲፈጥን ክርኑ ራሱ ይዘረጋል፤ ካልተዘረጋም የቀረበት ነገር የለም።

የተወናጨፈ አንጓ ዋጋ

የራኬቱ እምብርት በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሜትር ይሂድ፤ ከትከሻው 1.1 ሜትር ይራቅ። በዚህ ፍጥነት ራኬቱ በሰከንድ 1,300 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። 5 ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ሰው የራኬቱን ፊት በ6 ዲግሪ ተኩል ያጣምመዋል። ኳሱ በዚያው ልክ ቢጣመም ሜዳው 23.77 ሜትር ስለሆነ ሌላኛው ጫፍ ሲደርስ ከታሰበበት 2.7 ሜትር ይርቃል። የነጠላ ጨዋታ ሜዳ ስፋት 8.23 ሜትር ነው፤ መሐል ላይ የታለመ ኳስ ይተርፋል፣ ጥግ ላይ የታለመው ይወጣል።

ይህ አንጓው ሳይወናጨፍ ነው። አንጓው በራሱ ፍጥነት ሲጨመርበት ራኬቱ ይበልጥ ይዞራል፤ ያው 5 ሚሊ ሰከንድ የሚያስከፍለውም ይበዛል። አንጓን አጽና የሚሉት አሰልጣኞች ሊከላከሉት የሚፈልጉት ይህን ነው። ነገር ግን አንጓን ማድረቅ ሌላ ስህተት ይወልዳል፤ እጁ ሲደርቅ ክርንና ትከሻም ይደርቃሉ። የሚፈለገው አንጓ ወደ ኋላ ተጋድሞ የቆየ፣ ያልተቆለፈ፣ በራሱ ተነሳሽነትም የማይወረወር ነው። በር ማጠፊያ ላይ ዘይት ሲደረግ በሩ ይቀላል፤ ማጠፊያው ግን በሩን አይገፋም።

አንድ ምት በቅርብ

ኳሱ ከተጋጣሚው ራኬት እንደወጣ የግራ እጅ የራኬቱን አንገት ሳይለቅ ሁለቱም ትከሻዎች አብረው ይዞራሉ። የግራ ትከሻ ወደ መረቡ እስኪጠቁም ድረስ ግራ እጅ አይለቅም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በቀኝ እጅ ብቻ ራኬቱን ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው ትከሻው ሳይዞር ክንዱ ብቻ ይሄዳል፤ ከመነሻው ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ግራ እጅ ሲለቅ ከሜዳው የኋላ መሥመር ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ርቀትን የሚለካውም ሚዛንን የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ራኬቱ ከትከሻ ከፍታ ይወርዳል፣ ጫፉ ከኳሱ በታች እስኪሆን። በዚህ ጊዜ ዳሌው መዞር ጀምሯል። እጀታው ቀድሞ ራኬቱ ኋላ ይቀራል፤ በእጀታው ግርጌ ባትሪ ቢተከል ብርሃኑ ኳሱ ላይ ያርፍ ነበር። አንጓው ወደ ኋላ የሚጋደመው በዚሁ ቅጽበት ነው፤ ተጫዋቹ ስላጋደመው ሳይሆን እጁ ሲቀድም ራኬቱ በክብደቱ ስለቀረ። ሆን ብሎ ያጋደመው ሰው ብዙ ጊዜ አጠንክሮ ያጋድመዋል።

ከዚያ መምቻው ይመጣል። የራኬቱ ፊት ለመሬት ቀጥ ያለ ወይም ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ያዘነበለ፣ መንገዱ ከታች ወደ ላይ 30 ዲግሪ ገደማ፤ ዓይን ኳሱ በተመታበት ቦታ ለአፍታ ይቀራል። ኳሱ ከሄደ በኋላ የላይኛው ክንድ ወደ ውስጥ መዞሩን ይቀጥላል፣ መዳፉ ወደ መሬት ይገለበጣል፣ ራኬቱ ወደ ግራ ትከሻ ወይም ከሱ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ይህን ማብቂያ ጌጥ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ክንዱ የተሸከመውን ፍጥነት የሚያበርደው ከትከሻ ጀርባ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ ረጅም ማብቂያ ጊዜ ይሰጣቸዋል፣ አሳጥሮ የሚያቆም ሰው ሸክሙን በድንገት ይጭንባቸዋል።

ኳሱ የሚናገረው

በተደጋጋሚ ወደ ቀኝ የሚያመልጥ ኳስ የዘገየ መምቻ ምልክት ነው፤ መድኃኒቱ ክንድን ማፍጠን ሳይሆን ትከሻን ቀድሞ ማዞር ነው። መረብ ላይ የሚቀር ኳስ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ራኬቱ ከኳሱ በታች አልወረደም፣ ወይ መዳፉ ከኳሱ በፊት ተገልብጧል። ሁለተኛው «መጥረጊያውን» ከቪዲዮ የቀዱ ሰዎች በሽታ ነው፤ መገልበጡን ዓላማ አድርገው ስለያዙት ቀድመው ይገለብጡታል። ከመሥመሩ በላይ የሚሄድ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ክርኑ ቀድሞ ሲነሳና የራኬቱ ፊት ሲከፈት ይመጣል። በራኬቱ ጫፍ የሚመታ የእግር ችግር አለበት፤ አንድ ትንሽ እርምጃ ይጎድለዋል።

ለማረም ከፍጥነት በፊት ቦታ ይቀድማል። ራኬቱን በመምቻው ነጥብ ላይ አድርጎ ፊቱን ግድግዳ ላይ ማስደገፍና ከእግር ጀምሮ 5 ሰከንድ መግፋት፣ አሥር ጊዜ፤ ክርኑ ወደ ኋላ ከተሸነፈ ነጥቡ ኋላ ነው ያለው። ከዚያ ራኬት ሳይዙ ሌላ ሰው የሚወረውረውን ኳስ በዚያው ነጥብ ላይ በመዳፍ መቅለብ። ከዚያ ኳስን በራስ እጅ ጥሎ 30 ጊዜ መምታት፤ ቀጥሎ ከሰርቪስ መሥመር፣ ከመረቡ 6.40 ሜትር ላይ ሆኖ፣ በግማሽ ፍጥነት መቀባበል። መረቡ መሐል ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሱ በላይ አንድ ሜትር ላይ ገመድ ወጥሮ ኳሱን በገመዱና በመረቡ መካከል ማሳለፍ ክንዱ ከታች ወደ ላይ እንዲሄድ ያለ ብዙ ንግግር ያስተምራል። ስልኩ ከጎን፣ በወገብ ከፍታ፣ በሰከንድ 240 ምስል ይቅረጽ፤ የሚታየውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ኳሱ ሲነካ ራኬቱ ከፊት ዳሌ ምን ያህል ቀድሟል?

ሕመሙ የት ነው?

በክርን የውጭ ጎን የሚሰማ ሕመም «የቴኒስ ክርን» ይባላል፤ አንጓን ወደ ኋላ የሚያነሱት ጡንቻዎች ጅማት ጉዳት ነው። ከፎርሃንድ ይልቅ በአንድ እጅ ከሚመታ፣ ከዘገየ ባክሃንድ (ከፎርሃንድ ተቃራኒ ወገን ከሚመታ ምት) ጋር ይበልጥ ይያያዛል፤ ጭብጥ የማጥበቅ ልማድም ያባብሰዋል። በክርን የውስጥ ጎን የሚሰማው ግን ለፎርሃንድና ለሰርቭ (ለመክፈቻው ምት) ቅርብ ነው፤ መዳፍን የሚገለብጡትና አንጓን የሚያጥፉት ጡንቻዎች የሚነሱት ከዚያ ነው። አንጓ ላይ ከሆነ ቦታው አያያዙን ይጠቁማል፤ በኢስተርን አያያዝ በአውራ ጣት በኩል፣ በከፊል ዌስተርንና በዌስተርን በትንሿ ጣት በኩል ማመሙ ይበዛል።

ፖሊስተር ክር ለባለሙያ የተሠራ ነው። በቀስታ ለሚመታ ክንድ ጥቅሙ ትንሽ፣ የሚያቀብለው ንዝረት ትልቅ ነው። የሚያመው ሰው ወደ ለስላሳ ክር ቢቀይር፣ ወጠራውንም ወደ 21 ወይም 22 ኪሎ ቢያወርድ ለውጡ ይሰማዋል። ፖሊስተር ከ15 እስከ 20 ሰዓት ጨዋታ በኋላ የመለጠጥ ባሕርዩን ያጣል፤ ስላልተበጠሰ ደህና ነው ማለት አይደለም። ከእረፍት በኋላም የሚመለስ ሕመም፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር ኳሱን ብዙም አያዘገየውም፣ ቶፕስፒኑንም ብዙም ወደ ታች አይጎትተውም። ከዚህ ላይ በተራ ግፊት የታሸገ ኳስ ከውጭ ያለው አየር ስለሳሳ ይበልጥ ይነጥራል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው። ኳስ ሲገዛ ከጣሳው ላይ ለከፍታ የተሠራ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ ግፊት የሌለው ኳስ ይሻላል።

ይህ ለክንድ ምን ያመጣል? ኳሱ መሥመሩን እያለፈ ያስቸገረው ተጫዋች ሳያውቀው ምቱን ያሳጥራል፣ ክንዱን መሐል ላይ ይገታል፣ የቀረውን በአንጓው ያስተካክላል። እንዲህ የተማረ ፎርሃንድ ወደ ቆላ ሲወርድ ኳሱ አጭር ይሆንበታል። የተሻለው መንገድ ምቱን ሙሉ ትቶ መንገዱን ወደ ላይ ማድላት፣ ወጠራውን አንድ ኪሎ ያህል ማጥበቅ ነው፤ ክንዱ የሚያመው ግን ማጥበቁን ይተውና ኳሱን ይቀይር።

ልጆች ላይ ነገሩ ይከፋል። ለአዋቂ የተሠራ ኳስ ከፍታ ላይ ነጥሮ የ8 ዓመት ልጅ ራስ ጋ ይደርሳል፤ ልጁ እዚያ ለመድረስ እጁን ከእጀታው ሥር ያስገባና ማንም ሳያስተምረው ዌስተርን ይይዛል። ከ2012 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር ቀርፋፋ ኳስ ግዴታ ሆኗል፤ ቀዩ ከተራው 75 በመቶ፣ ብርቱካናማው 50፣ አረንጓዴው 25 በመቶ ይዘገያል። ቀይ ኳስ በማይገኝበት ሜዳ ያረጀና ግፊቱ ያለቀ ኳስ ለይቶ ለትናንሾቹ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወገባቸው ጋ የሚነጥር ከሆነ ይበቃቸዋል።